ብርድ የማይችል ደም

ሰኞ፣ ጥር 6። ጠዋት። አዋሽ

ክብደት ከትናንቱ ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። ግራ ቁርጭምጭሚት ያው። ቀኙ አብጧል፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ሽንት ዛሬም አረፋ፣ የሳሙና ውሃ ይመስላል። የግድግዳው ቴርሞሜትር 19። ለአዋሽ ይህ ብርድ ነው። ጎረቤቴ አብደላ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ በመስኮት አየዋለሁ። እኔ በካናቴራ ነኝ። ደስ ብሎኛል።

ነጠብጣቦቹ፦ ከጉልበት በታች፣ ሐምራዊ፣ ምስር የሚያካክሉ። አያሳክኩም። ሲጫኗቸው አይደበዝዙም። ያለፈው ሳምንት የወጡት ቡናማ ሆነዋል፤ በመካከላቸው አዲሶች ወጥተዋል። ከቀኝ ቁርጭምጭሚት በላይ ያለችው ቁስል አልደረቀችም።

መዲና ደወለች። አቀስታ ከቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ባለቤቴ በየጠዋቱ ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን ጉብታ ትወጣልኛለች። ውርጭ ወርዶ አድሯል። ሣሩ ነጭ፤ በባልዲ ያደረው ውሃ ላዩ ረግቷል፤ ጉሙ የጎረቤቱን ቤት ውጦታል። ስልኩን የያዝኩበት ጣት የኔ አይመስለኝም አለች። እንደገና ንገሪኝ አልኳት። ሰው ሚስቱን ስለ ጤናዋ ይጠይቃል፤ እኔ ስለ ብርዱ እጠይቃለሁ። ትስቅብኛለች። ግን አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለች።

ደብተር፣ አንተ አዋሽ የተገዛህ ስለሆንክ አይገባህም። እኔ የተወለድኩት እዚያ ጉም ውስጥ ነው። ለማስተማር ወደ ቆላ የወረድኩት ጺሜ ገና ሳይሞላ ነው። ጂኦግራፊ። አዋሽ፣ ከዚያ ገዋኔ፣ ተመልሶ አዋሽ። ውርጭ አይተው ለማያውቁ ልጆች ውርጭን በጠመኔ ሣልኩ። ጡረታ ስወጣ እንገባበታለን ብለን አቀስታ ላይ ቤት ሠራን። መዲና ቀድማ ወጣች፤ እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ የሚያነሳቸው ስላጡ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ ባለፈው መስከረም ልከተላት ነበር። እግሬ አበጠ። ምርመራ፣ ሐኪም፣ ሌላ ሐኪም። በመጨረሻ ሄፐታይተስ ሲ ተባለ፤ ብዙ ዓመት ሳላውቀው በደሜ ውስጥ የኖረ።

ረመዳን መጋቢት መባቻ ላይ ይገባል። ዘንድሮ አብረን እናፈጥራለን ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ሌላ የምመኘው የለም። አንድ ማዕድ፣ እሷ፣ ከበሩ ውጭ ብርዱ።

ሐሙስ፣ ጥር 9። ከሰዓት። ሎጊያ

ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ። እግሬን ሻንጣዬ ላይ ሰቅዬ። ገዋኔ ቁርስ። አዳይቱ ላይ ጎማ ተነፈሰ፤ ወርደን ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ሁላችንም ተጠጋግተን ቆምን። ሚሌ ስንደርስ እንደ ልማዴ በግራ መስኮት። የጅቡቲ መኪኖች ተሰልፈው ነዳጅ ይቀዳሉ፤ ከነሱ ጀርባ የደሴ መንገድ ወደ ግራ ይገነጠላል። ስንቴ አልፌዋለሁ! ሁልጊዜ፣ ሾፌሩ ተሳስቶ ቢታጠፍ እላለሁ። ዛሬም አልተሳሳተም።

ያረፍኩበትን ማደሪያ የያዘችው ከወሎ ሐይቅ የመጣች ሴት ናት። ንጹሕ። ነገ ሰመራ፣ ሐኪም ጋር።

ዓርብ፣ ጥር 10። ከጁምዓ በኋላ። ሰመራ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አለዚያ ይደበላለቅብኛል።

ሐኪሟ ዶ/ር ዘህራ ትባላለች። የአፋር ልጅ፣ ወጣት፣ ስትናገር ትቸኩላለች፤ ስትመረምር ግን አትቸኩልም። እግሬን በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ከዚያ ጠየቀች፤ መርፌ? ጥርስ? ዋግምት? እንጥል ማስቆረጥ? በጋራ ምላጭ? ሁሉንም አልኳት። በኛ ዘመን ከነዚህ ያመለጠ ማን አለ? ቫይረሱ የገባብኝ በየትኛው እንደሆነ ለይታ እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ። አይለይም፤ ደግሞም አሁን አይጠቅምም አለች። መልስ የሌለው ጥያቄ ተማሪ ላይ እንኳ አልወድም።

ከዚያ አስረዳችኝ። ቫይረሱ ጉበት ላይ ብቻ አይቀመጥም። ሰውነት ዓመት ከዓመት ሊዋጋው የሚያመርተው ፕሮቲን በደም ውስጥ ይበዛል፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘው እንዳደረ መረቅ ይረጋል። የረጋው ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያቆስላል። ቆዳ ላይ ሲሆን ነጠብጣብ። ኩላሊት ውስጥ ሲሆን ማጣሪያውን ይጎዳል፤ አረፋው ከደም ያመለጠ ፕሮቲን ነው፤ እብጠቱም ከዚያው። ኩላሊቴ ተጎድቷል፤ ግን አልሞተም።

ይህ ነገር በደሜ ውስጥ እንዳለ ትጠረጥራለች፤ እርግጠኛ አይደለችም። ምርመራ አለ። ካልተገኘ፣ ቫይረሱን የሚያጠፋውን ኪኒን ይዤ ወደ ፈለግሁበት እሄዳለሁ፤ ደሴ ይከታተሉኛል። ከተገኘ ግን ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ ኩላሊቱን ለማዳን ሌላ ከባድ መድኃኒት ይጨመራል። ብርድም ክልክል ይሆናል።

ምን ያህል ክልክል? አልኩ።

የት ነው የሚኖሩት? አለች። አዋሽ። በጣም ጥሩ ቦታ ነው አለችኝ። አዋሽን ጥሩ ቦታ ነው ሲል የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው ሐኪሜ ሆነች።

አቀስታን ነገርኳት። መጀመሪያ ምርመራውን እንይ አለች።

ምርመራው የሚሠራው ደሴ ነው። እኔው ልሂድ ብል እምቢ። ቁስሉ ክፍት ነው፤ የጥር ደሴ ደግሞ ብርድ ነው፤ የሙሉ ቀን ሽንቴንም እዚህ ሆኜ በጀሪካን እንዳጠራቅም ትፈልጋለች። ስለዚህ የምሄደው እኔ ሳልሆን ደሜ ነው። ሁለት ብልቃጥ ቀዳች፣ በጥጥ ጠቀለለች፣ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ፔርሙስ ውስጥ ከተተች። ውሃውን በቴርሞሜትር ለክታ። ወደድኳት። ደሙ ተለይቶ እስኪጣራ ድረስ ከሰውነት ሙቀት መውረድ የለበትም፤ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ የምንፈልገው ነገር ቀድሞ ይረጋና ከዝቃጩ ጋር አብሮ ይጣላል፤ ባዶ ነው ይሉናል። አቀዝቅዘው የሚያዩት የደሴ ባለሙያዎች ናቸው፣ በኋላ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት አቆይተው።

የሚያደርስልን አሊ ነው። ከሎጊያ ደሴ ሚኒባስ የሚነዳ የባቲ ልጅ፤ ለክሊኒኩም ዕቃ ያመላልሳል። ዶክተሯ ሙቅ እንደሆነ ይድረስ አለችው። ፔርሙሱን በሁለት እጁ እንደ አራስ ልጅ ተቀበለ። "አይስጉ ቲቸር፤ ከራሴ በላይ ነው የምይዘው" አለኝ።

ደሜ ከኔ ቀድሞ ወሎ ይገባል። ቀናሁበት።

ቅዳሜ፣ ጥር 18። አዋሽ

አልተገኘም!

ዶ/ር ዘህራ ራሷ ደወለች። ከደሴ የመጣው ወረቀት የለም ይላል። እሷ የተገረመች ትመስላለች፤ ነጠብጣቡ፣ ኩላሊቱ፣ ሁሉም ወደዚያ ይጠቁም ነበር አለች። ግን ወረቀቱ ወረቀት ነው። ኪኒኑን ለዓርብ አዘጋጃለሁ፤ ከዚያ ይሂዱ፤ ጾሙ ግን ይቅርብዎት፣ ኩላሊትዎ ያለ ውሃ መዋል አይችልም አለች። ይቅር። ለድሃ አበላለሁ። መዲና ስታፈጥር አጠገቧ መቀመጥ አልተከለከልኩም።

አልሐምዱሊላህ።

ለመዲና ራሴ ደወልኩ፤ ስልኩ አይገኝም፣ ጉብታው ላይ አይደለችም። ሦስቴ። በአራተኛው ለጎረቤት ልጅ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጉብታው ላይ አወጣልኝ። ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ፣ ባናው ተሠርቶ አልቋል አለች። ከበጎቻችን ጸጉር ያሠራችው ብርድ ልብስ፣ የሚከብድ፣ ጥቁር። የምትተኛበትን ቦታ እንኳ አውቄዋለሁ አለች። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ደብተር፣ አንተም አትጠይቅ።

ሰኞ፣ ጥር 20። አዋሽ

ዕቃ እያሰርኩ። መጻሕፍት ለት/ቤቱ። ቬንትሌተሩን ለአብደላ። የት/ቤታችን ጥበቃ ነበር፣ ከኔ በፊት ጡረታ የወጣ፤ ሠላሳ ዓመት በር ለበር። ቬንትሌተሩን አገላብጦ አየውና፣ "ቲቸር፣ እዚያ ሰው እንዴት ነው የሚኖረው? ፀሐይ የለም፣ ጣት አይታጠፍም" አለኝ። እሳት አለ፣ ባና አለ አልኩት። "እሳት ላይ ለመቀመጥ ከሆነ እዚህ መች አጣኸው!"

ከሄድኩ በኋላ ከማን ጋር እንደሚከራከር አላውቅም። እሱም አያውቅም። ሻይ ሳንጨርስ ተነሳ።

ዓርብ፣ ጥር 24። ሰመራ

ኪኒኑ ተሰጠኝ። በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሳይዘለል፣ ለሦስት ወር። ይህን ለኔ መንገር አያስፈልግም። የመጀመሪያዋን ሐኪሟ ፊት ዋጥኩ። ብዙዎች ይድናሉ አለች፤ ቫይረሱ ጨርሶ ይጠፋል።

ነገ ጠዋት በአሊ ሚኒባስ፣ ደሴ። እሁድ አቀስታ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ይታሰራል። የግራ መስኮት አያስፈልገኝም፤ መኪናው ራሱ ይታጠፋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 25። ጠዋት። ሚሌ

ቁርስ ለመብላት ቆመናል። ተሳፋሪው ፍርፍር ይበላል። እኔ አልበላሁም። እየጻፍኩ ነው።

አሊ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ስለ ውጤቴ አብሮኝ ደስ ብሎታል። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ በአገጩ አሳየኝ። "የእርስዎን ደም ያተረፈው ያ ሱቅ ነው ቲቸር።" እንዴት? አልኩ።

ነገረኝ። ሚሌ ሲደርስ ፔርሙሱን ከፍቶ ጣቱን ነከረ። ውሃው ሞቅ ያለ። ደነገጠ። "ወላሂ፣ ሽንት ነው የመሰለኝ ሙቀቱ! ሥጋ እንኳ በዚህ ሙቀት ባቲ አይደርስም፣ ደም ይደርሳል? ዶክተሯ ኤሲ ውስጥ ናት፤ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ።" ውሃውን ደፋ። ከሱቁ በረዶ ገዛ፣ ሰባበረ፣ ሞላ። ባቲ ላይ ቀለጠ፤ ደግሞ ገዛ። ደሴ ሲያስረክብ ብልቃጡ ላብ አውጥቶ ነበር። በኩራት ነው የሚነግረኝ። ስኳር ላለባት እናቱ መድኃኒቷን እንዲሁ ነው የሚያመጣላት፤ የክትባት ሣጥንም እንዲሁ ነው ያደረሰው፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሳይበላሽ ያደረሰው በበረዶ ነው። ይህን ሰው ምን ልበለው? እኔም ሾፌር ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር።

አመሰግንሃለሁ አልኩት።

ስለዚህ ወረቀቱ ባዶ ነው። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። መንገድ ላይ ረግቶ ተጥሎ ሊሆን ይችላል።

ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አሊ ምን እንዳደረገ አያውቅም። ዶክተሯ አታውቅም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ማኅተም አለው። ብሄድ ማንም አይጠይቀኝም። ምናልባት እውነትም የለብኝ ይሆናል። ምናልባት ኪኒኑ ብቻውን ይበቃ ይሆናል። መዲና ዛሬ ዶሮ ታሳርዳለች።

መንገዱ እዚህ ፊቴ ነው፤ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከጭጋጉ ሥር ተራራው እንኳ ይታያል።

አሊ ክላክስ እያደረገ ነው።

ያው ቀን። ከሰዓት። ሎጊያ

ሻንጣዬን አስወረድኩ።

አሊ ተቆጣ፤ ወንበርዎን ማን ይይዘዋል፣ ታመሙ ወይ፣ ምን ነካዎት። ኪኒን ረሳሁ አልኩት። ለኪኒን ሻንጣ ይወርዳል? አለ። ከጅቡቲ በሚመለስ... አይ፣ ወደ ጅቡቲ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ወደዚህ ተመለስኩ። ዛሬ የምጽፈው አቅጣጫ እንኳ ይጠፋኛል።

ለምን ወረድኩ? ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ክላክሱን ስሰማ አንድ ነገር ታየኝ። አቀስታ፣ ረመዳን፣ እኔ በባናው ተጠቅልዬ፤ መዲና ደግሞ እናቷን አንስታ አስተኝታ ስትመለስ እኔንም ስታነሳ። ሁለት ሰው የሚያነሳ ወገብ የላትም። እኔ የምፈልገው ከእሷ ጋር መኖር ነው እንጂ እሷ ላይ መውደቅ አይደለም።

ለመዲና ኪኒኑ ዘገየ ብያታለሁ። ዋሸሁ። ዶሮውን ለሠፈር አብልታው ይሆናል። ድምጿን ብትሰማው፣ ደብተር።

ሰኞ፣ ጥር 27። ሰመራ

ለዶ/ር ዘህራ ነገርኳት። ራሷን ያዘች። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። ጥፋቱ የሷ ነው አለች፤ እንዲሞቅ ነገረችው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። እኔም ቆሜ እየሰማሁ ነበር፣ መምህሩ። የምክንያትን አስፈላጊነት ሠላሳ ዓመት ሰብኬ።

ቁስሉ ትንሽ ይድረቅ። ከዚያ ራሴ ደሴ ሄጄ እዚያው ይቀዳ። ሙቅ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ፣ ጓንት። በቀን ገብቶ በቀን መውጣት።

ጓንት ሎጊያ ውስጥ ፈልግ እስቲ። ባለሱቁ የብየዳ ጓንት አመጣልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6። ደሴ

ባቲን ስናልፍ መስኮቱን ዘጋሁ። ኮምቦልቻ ላይ ሹራብ ደረብኩ። ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ልክ ጥምዝምዙ ላይ፣ አየሩ ተለወጠ። አሸተትኩት። እርጥብ አፈር፣ የባሕር ዛፍ ጢስ፣ ብርድ። ብርድ ሽታ አለው፤ ረስቼው ነበር። ጥፋት መሆኑን እያወቅሁ መስኮቱን በጣት ያህል ከፈትኩ። አንድ ጊዜ፣ እስከ ሳንባዬ ጥግ ድረስ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ይዝጉት እንጂ አባባ አለችኝ።

ደም ተቀዳ። ባለሙያው ብልቃጡን በሞቀ ዕቃ ውስጥ ቶሎ ከተተው። በዚህ ጊዜ በረዶ የለም።

የከሰዓቱ ሚኒባስ ሳይሞላ ቀረ። ማደር ግድ ሆነ። ከክፍሌ መስኮት ጦሳ ተራራ ይታያል፣ ጉም ለብሷል። ከዚያ ወዲያ መዲና አለች። የጥቂት ሰዓት መንገድ። ዛሬ ጠዋት ስትደውል አዋሽ እንዴት ነው አለችኝ፤ ሞቃት ነው አልኳት። መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ኮምቦልቻ።

ልደውልላት? ብነግራት ትወርዳለች። ወይም እወጣለሁ። ከወጣሁ አልመለስም። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7። ጠዋት። ደሴ

የጣቶቼ ጫፎች ሰማያዊ ናቸው። እግሬ ላይ አዲስ ነጠብጣብ፤ እስከ ጭኔ። ቁርጭምጭሚቴ ጫማ አልገባ አለ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሹራብ፤ ግን ብርዱ ገብቶ አገኘኝ።

ውጤት አያስፈልገኝም። ደብተር፣ ሕይወቴን ሙሉ የናፈቅኩት ነገር አንድ ሌሊት አብሮኝ ተኝቶ እንዲህ አድርጎኝ ሄደ።

ዓርብ፣ የካቲት 15። አዋሽ

ተገኝቷል። ብዙ። ሐኪሟ ቁጥሩን ነገረችኝ፤ አልጻፍኩትም። ቁጥር ሳልጽፍ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ዛሬውኑ በሎጊያ አውቶቡስ ተላከልኝ። ጨው ክልክል፣ ብርድ ክልክል። ኪኒኑ ቫይረሱን ሲያጠፋው የሚረጋው ነገርም ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል፤ በብዙዎች ይቀንሳል፣ በሁሉም ግን አይደለም። ወራት ይፈጃል። በሐምሌ እንደገና እናያለን አለች። ቃል አልገባችልኝም። ስላልገባች አመንኳት።

አብደላ ቬንትሌተሩን ይዞ መጣ። ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል አለ። ውሸት ነው፤ ሠላሳ ዓመት በግድግዳው በኩል ሲሰማው ኖሯል። ጥግ ላይ ሰካው፣ ወደኔ አዞረው፣ ከዚያ አሰበና መልሶ ወደ ግድግዳው አዞረው። "ለአንተ ብርድ ነው ለካ" አለ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16። አዋሽ

ለመዲና ሁሉንም ነገርኳት። በረዶውን፣ ሚሌን፣ ደሴን።

በረዶውንና ሚሌን ሰማች። ደሴ ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። "ደሴ? ደሴ መጥተህ አደርክ?" አዎ። "እኔ እዚህ ጉብታ ላይ ቆሜ አዋሽ ሞቃት ነው ስትለኝ?" አዎ። "በእግሬ እመጣ ነበር አንተ ሰውዬ። በእግሬ!" ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል። ሳትሰናበተኝ ዘጋችው።

ሰኞ፣ የካቲት 18። አዋሽ

ትናንት አልደወለችም። ዛሬም አልደወለችም። በምትደውልበት ሰዓት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። አቀስታ ላይ ውርጭ ይኑር አይኑር አላውቅም። ክብደት፣ ግፊት፣ ቁርጭምጭሚት፤ አልለካሁም። ኪኒኑን ብቻ በሰዓቱ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19። አዋሽ

ደወለች!

ሰላምታ የለም። "አንተ ወደ ላይ አትወጣም። እኔ እናቴን ጥዬ አዋሽ ድረስ አልወርድም። እሺ። በመሐል አገር የለም?" አለችኝ።

ምን መሐል? አልኩ።

"ባቲ! ብርድ አለው ባቲ?" የለውም። "ለሰመራዋ ሐኪምህ አዋሽ ይቀርባል ወይስ ባቲ?" ባቲ። "ለኔስ?" ባቲ። "ጂኦግራፊ አስተማሪ አግብቼ ካርታ የማሳየው እኔ ልሁን?"

ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ሚሌ፣ ከዚያ ዳገቱ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ አቀስታ። ስንት ዓመት ይህን መስመር በጠመኔ ሣልኩት። ሁልጊዜ ሁለቱን ጫፎች ብቻ አይቼ። መሐሉን መስኮት ዘግቼ አለፍኩት።

እህቷ እናቷን በየሁለት ሳምንቱ ልትይዝላት ተስማምታለች። ሁለት ቀን ያልደወለችው ይህን ስትጨርስ ነው። እኔ ደግሞ ትታኛለች ብዬ ነበር።

ዶ/ር ዘህራን ጠየቅኋት፤ ባቲ ይሆናል፣ ማታ ግን ይልበሱ አለች። አሊ የአጎቱ ልጅ የሚያከራያት ክፍል ፈልጎልኛል። ስለ በረዶው ከደሴ በመኪናው ስመለስ ነግሬዋለሁ፤ ለምን መሞቅ እንደነበረበትም ጭምር፣ ቁጭ ብዬ፣ ጠመኔ ብቻ ነበር የጎደለኝ። ሲገባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ፣ "እና ደምዎን የገደልኩት እኔ ነኛ" አለ። አልገደልክም፣ አንድ ሳምንት ተስፋ ሰጠኸኝ አልኩት። እውነቴን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23። አዋሽ

ለሁለተኛ ጊዜ ዕቃ አሰርኩ። አብደላ አሰረልኝ ማለት ይሻላል፤ ጣቴ ገመድ አያጠብቅም። ቬንትሌተሩን ውሰድ አልኩት፤ በዚህ ጊዜ አልመለሰውም። ባቲ ሰኞ ገበያ ሲቆም ግመል ይዞ የሚመጣ ዘመድ አለው፤ አብሮት መጥቶ ሊጠይቀኝ ነው። "እዚያ ድረስ ብርዱን እችለዋለሁ" አለ።

መዲና፦ ባናውን ላምጣው ወይስ አላምጣው? አምጪው። ሞቃት ነው ስትል አልነበር? አምጪው።

ሰኞ፣ የካቲት 25። ከሰዓት። ባቲ

ትናንት ማታ ገባሁ። ቴርሞሜትሩን ክፍሌ በር ላይ ሰቀልኩ፤ 26። አዲስ ነጠብጣብ የለም። እብጠቱ ጫማ ያስገባል።

አሁን መናኸሪያው ጥግ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነኝ። ገበያው እየተበተነ ነው፤ ደገኛው ወደ ላይ፣ አፋሩ ወደ ታች። በመሐሉ የተቀመጥኩ እኔ ብቻ እመስላለሁ። ረመዳን ሳምንት ቀርቶታል። የማዕድ ገበታ ገዝቻለሁ፣ ትንሽ፣ ለሁለት ሰው።

ከኮምቦልቻ ደውላ ነበር። ደሴ ላይ ዝናብ መቷታል፤ እጄ ደንዝዟል፣ ስልኩ ይወድቅብኛል አለች። ሂሳቡን ሠራሁት፤ እዚህ ስትደርስ ጣቶቿ ገና ጨርሰው አይሞቁም። የደሴ ብርድ እላያቸው ላይ ይኖራል። ጥቂት።

ጓንቱ ኪሴ ውስጥ አለ። ሐኪሟ የቀዘቀዘ ነገር በባዶ እጅዎ አይንኩ ብላኛለች፤ ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ጨው አልቀምስም፣ ሁሉንም በሰዓቱ አደርጋለሁ። ይህቺን አንዷን ግን ወስኛለሁ። ጓንቱን አላወጣም። እጇን ስትዘረጋልኝ በሁለት እጄ...

ሚኒባሱ መጣ። ጣሪያው ላይ ጥቁር ባና ታስሯል።